ሕክምናው አልቋል፤ አሁን ራሴን እንዴት ልጠብቅ?

ጤና ይስጥልኝ። የጡት ካንሰር ሕክምናዬን ከጨረስኩ 7 ወር ሆነኝ። ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒ፣ ጨረር፣ ሁሉም አለቀ። ሰው ሁሉ «እንኳን ተገላገልሽ» ይለኛል። እኔ ግን ግራ ገብቶኛል። ያኔ ቀጠሮው ራሱ ይመራኝ ነበር። አሁን ሐኪሜን የማያት በየ3 ወሩ ነው። በመሃል ያለው ጊዜ የኔው ኃላፊነት ሆኗል።

ከሁሉ የባሰብኝ ድካሙ ነው። ብተኛም አይለቀኝም። ሐኪሜ እንቅስቃሴ ድካሙን እንደሚቀንስ ነግራኛለች። ቀስ በቀስ በሳምንት 150 ደቂቃ የእግር ጉዞ ላይ እንድደርስ ትፈልጋለች። 10 ደቂቃ ስሄድ ደህና ነኝ። አንድ ቀን ደስ ብሎኝ 25 ደቂቃ ሄድኩና ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋ አልወረድኩም። እናንተ እንዴት ጨመራችሁ? በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፣ ወይስ ቀን እየዘለላችሁ?

ከብብቴ የሊምፍ ዕጢዎች ስለወጡ በዚያ በኩል ያለው እጄ ማታ ማታ ይከብደኛል። ቀለበቴም ይጠብቀኛል። እብጠት ከጀመረ ቶሎ መታየት ስላለበት ለዚህስ ቀጠሮዬን አልጠብቅም፤ በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ።

ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጠውን የሆርሞን መድኃኒት፣ ታሞክሲፈንን፣ በየቀኑ እወስዳለሁ፤ የታዘዘልኝ ለ5 ዓመት ነው። በመድኃኒቱ ምክንያት ሌሊት ድንገት የሚመጣው ሙቀት እንቅልፍ ይነሳኛል። ማቋረጥ ግን በፍጹም አልፈልግም። ምን ረዳችሁ?

ደግሞ ምልክቶቻችሁን የምትመዘግቡ ካላችሁ ምን ምን ትጽፋላችሁ? እኔ ሁሉንም መጻፍ ጀምሬ ፍርሃቴ ባሰ። ጀርባዬን ባመመኝ ቁጥር «ተመለሰብኝ እንዴ?» እላለሁ። በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።