ሃውፒያዬ አልረጋ አለኝ፤ ምን አጠፋሁ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሃዋይ ተወላጅ የሆነች የሥራ ባልደረባዬ ሠርግ ላይ ሃውፒያ የሚባለውን የኮኮናት ወተት ጣፋጭ ቀምሼ ልቤ እዚያው ቀረ። ነጭ፣ ቀዝቃዛ፣ በትንንሹ አራት ማዕዘን ተቆርጦ ሰፊ አረንጓዴ ቅጠል ላይ የተደረደረ። ሲጎርሱት ጠንከር ይልና ወዲያው ይሟሟል። ቤት ውስጥ ሁለቴ ሞከርኩት፣ ሁለቴም አልሆነልኝም።

የተጠቀምኩት 400 ሚሊ ሊትር የታሸገ የኮኮናት ወተት፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ፣ አንድ ሦስተኛ ኩባያ ስኳር፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች (የበቆሎ ስታርች) እና ቆንጠር ጨው ነው። ወፈር ሲልልኝ አወረድኩት። ፍሪጅ ውስጥ አደረ። ጠዋት ቢላዋ ሳስገባበት ወደ ጎን ፈሰሰ። ዱቄት ዱቄትም ይላል። ልጅቷ ቅዳሜ ቤቴ ትመጣለች፤ የአገሯን ጣፋጭ በእጄ ሠርቼ ላቀርብላት ጓጉቻለሁ። ስታርቹን ልጨምር ወይስ ውሃውን ልቀንስ?

መልስ 1፦
2 ማንኪያ ስታርች ጨምሪበት። እኔ እንደዚያ አድርጌ ቀጥ ብሎ ቆሞልኛል።

መልስ 2፦
እህቴ፣ እባክሽ ስታርች አትጨምሪ። ልኩ ልክ ነው። ስታርች ሲበዛ ይረጋል፣ ግን ላስቲክ ይሆንና የኮኮናቱን ጣዕም ይውጠዋል። «ዱቄት ዱቄት ይላል» ማለትሽ ነገሩን ነግሮኛል፤ አልበሰለም።

እኔን ያስተማሩኝ ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ ከተማ ስኖር ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። እዚያ ታላቅ ሴት «አንቲ» ተብላ ነው የምትጠራው፣ እኔም አንቲ እላቸው ነበር። ድሮ ፒያ ከሚባል ተክል ሥር በሚወጣ ስታርች ነበር የሚሠራው፤ አሁን ኮርን ስታርች ተክቶታል።

ስታርቹን፣ ስኳሩንና ጨውን በቀዝቃዛው ውሃ በጥብጪ። በጣትሽ ዳብሺው፣ አንድም ጓል እንዳይቀር። ደረቁን ስታርች ትኩስ ወተት ላይ ከነሰነስሽው ይጓጉላል። ቆርቆሮውን ከመክፈትሽ በፊት በደንብ ነቅንቂው፤ ክሬሙ ከላይ ይጋገራልና። ወተቱን ወፍራም ድስት ውስጥ አሙቂና ዳር ዳሩ መትነን ሲጀምር ብጥብጡን እያማሰልሽ ጨምሪ።

ከዚህ በኋላ እጅሽ አይረፍ። መጀመሪያ ምንም የተለወጠ አይመስልም። ከዚያ ማማሰያው ይከብድሻል፣ ድንገትም ይወፍራል። አንቺ ያወረድሽው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው። እሳቱን ቀነስ አድርገሽ ሌላ 3 ወይም 4 ደቂቃ አማስዪው። ደብዛዛ የነበረው ነጭ ማብረቅረቅ ይጀምራል። ማማሰያውን የድስቱ ወለል ላይ ስትጎትቺ መንገዱ ለአፍታ ተከፍቶ ይቆያል። ቅመሺው፤ ምላስሽ ላይ ዱቄት ካልቀረ በስሏል። እሳት ካበዛሽ ግን ዘይቱ ተለይቶ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

20 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ትሪ ገልብጪው። ቢያንስ 3 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ፍሪዘር ውስጥ እንዳታስገቢው፣ ሲቀልጥ ውሃ ይተፋል። ያየሽው ቅጠል ቲ የሚባል ተክል ቅጠል (ሻይ ቅጠል አይደለም) ሳይሆን አይቀርም፤ ለማቅረቢያ እንጂ አይበላም።

መልስ 3፦
ኮኮናቱን ራሴ ፍቄ በሙቅ ውሃ ጨምቄ ብሠራስ?

መልስ 2፦
ይሆናል፣ ጣዕሙም ይበልጣል። በንጹሕ ጨርቅ ጭመቂው። የመጀመሪያው ጭማቂ ወፍራሙ ነው፤ ደጋግመሽ ውሃ እየጨመርሽ አታቅጥኚው። የቤቱ ወተት ቶሎ ስለሚለያይ እሳቱን ከወትሮው ቀንሺ።

ጠያቂዋ፦
ሠራሁት! አራት ደቂቃዋን ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። እንዳላችሁኝ ድንገት አብረቀረቀ። ዛሬ ስቆርጠው ቢላዋው ንጹሕ ወጣ፣ ጠርዙም ቀጥ ብሎ ቆመ። ቅጠል ስላላገኘሁ በነጭ ሳህን አቀረብኩት። ልጅቷ አንዱን ጎርሳ ትንሽ ዝም አለችና ለእናቷ የሚሆን ጠቅልዬ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። 6 ቁራጭ ሰጠኋት። ለእኔ ሁለት ቀርቶኛል።