18 ዓመት ሞላት፣ ከማሳደጊያ ልትወጣ ነው። ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የሰሚት ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ስምንት ዓመት ሙሉ በወር አንዴ፣ ሲያቅተኝ በሁለት ወር አንዴ እየሄድኩ የምጠይቃት ልጅ አለችኝ። ያደገችው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። መጀመሪያ ያየኋት ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ለገና ዳቦ ይዘን የሄድን ቀን ነው። ሌሎቹ ወደ ዳቦው ሲሯሯጡ እሷ እግሬን አይታ "ክሩ ተፈቷል፣ ትወድቂያለሽ" አለችኝ። በዚያው ቀረሁ።

አሁን 18 ሞላት። 12ኛ ክፍል ተፈትና ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣላትም። የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ገብታ ምግብ ዝግጅት መማር ነው የምትፈልገው። ማሳደጊያው ሦስት ወር ሰጥቷታል። ስትወጣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስና ለመቋቋሚያ የሚሆን ትንሽ ብር ይሰጧታል። ከዚያ በኋላ በራሷ ናት።

እኔ ባለትዳር ነኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። የምንኖረው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ "የት እናስተኛታለን?" ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ። ቤት ልከራይላት ወይስ እንደምንም እኛ ጋ ትግባ? ጉዲፈቻ ላደርጋትስ እችላለሁ? ሦስቱን ወር ምን ላይ ላውላቸው?

መልስ፦ ማኅበራዊ ሠራተኛ

እህቴ፣ ከጉዲፈቻው ልጀምር፣ ምክንያቱም መልሱ አጭር ነው። አይቻልም። የቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ማለት ነው፣ ለጉዲፈቻ የሚፈቅደው ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ነው። አድራጊው ቢያንስ 25 ዓመት ሊሆነው ይገባል፤ አንቺ እሱን ታሟያለሽ፣ እሷ ግን አልፋዋለች። ይህን የምታነቡና ልጅ የምትጠይቁ ካላችሁ፣ ይህን ነገር ልጁ 15 እና 16 ሳለ አስቡበት።

ሦስቱ ወር የወረቀት ወር ነው። ሌላው ይደርሳል። አሁን ማሳደጊያው አድራሻዋ ነው፣ ኃላፊው ይፈርምላታል፣ ማኅተሙ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከወጣች በኋላ አንዲት ደብዳቤ ለማጻፍ "ነገ ነይ" ስትባል ትከርማለች።

መጀመሪያ የልደት ምስክር ወረቀት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ስለሆነ በእሷ ዕድሜ ያሉ ብዙ ልጆች ሲወለዱ አልተመዘገቡም። አላት አላት ብለሽ አትለፊው፣ ወረቀቱን በዓይንሽ እዪው። ቀጥሎ ፋይዳ፣ ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያው ማለት ነው። ምዝገባው በነፃ ነው፤ ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበት መንገድም አለ። ያለ ፋይዳ የባንክ ደብተር ማውጣት አሁን ከባድ ነው። ከዚያ የወረዳ መታወቂያ፣ ወረዳ የምትቀይር ከሆነ ደግሞ መሸኛ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ስም ነው። የ8ኛ ክፍል ካርዱ፣ የ12ኛው ውጤትና ፋይዳው ላይ ስሟ በአማርኛም በላቲን ፊደልም አንድ ዓይነት ይሁን። አንዲት ልጅ አውቃለሁ፣ በአንዲት ፊደል ልዩነት ምክንያት ምዝገባ አልፏት ዓመት የጠበቀች።

ሌላ አንድ ነገር። ወደ ማሳደጊያው እንዴት እንደመጣች የሚገልጽ ፋይል አለ። የፖሊስ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል፣ የቀበሌ ሊሆን ይችላል። ቅጂውን አሁን ትጠይቅ። ዛሬ ማንበብ ካልፈለገች አትገፊያት፣ አንቺ ጋ ይቀመጥ። 25 እና 30 ሲሆናት፣ ልጅ ስትወልድ በተለይ፣ ትፈልገዋለች። ያኔ ማሳደጊያው ራሱ ላይኖር ይችላል።

መልስ፦ እኔም እዚያ ነው ያደግኩት

እትዬ፣ እኔ 26 ዓመቴ ነው። የወጣሁት በ18 ነው። ወረቀቱን እህታችን በደንብ ብላዋለች፣ እኔ ሌላውን ልንገርዎት።

ውስጥ ሳለን ሁሉ ነገር በደወል ነው። በደወል ይነሳል፣ በደወል ይበላል፣ በደወል ይተኛል። ምግብ የሚበስለው ለ60 ሰው ነው። እኔ ከመውጣቴ በፊት ጨው ገዝቼ አላውቅም። ጨው እንደሚገዛ አውቃለሁ፣ ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ሽሮ ልሠራ ብዬ ለአሥር ሰው የሚበቃ ሠራሁ። ሦስት ቀን እሱኑ በላሁ። የተሰጠኝ ብር በዘጠኝ ቀን አለቀ። ጫማ ገዛሁ፣ ስልክ ገዛሁ፣ ከእኔ ጋር የወጡትን ልጆች ጋበዝኩ። ማባከን አልመሰለኝም ነበር። ብር በእጄ ይዤ ስለማላውቅ የሚያልቅ አልመሰለኝም።

ስለዚህ ከአሁኑ ገበያ ይውሰዷት። ሽንኩርት ትምረጥ፣ ትከራከር፣ ትሸወድ። ትንሽ ብር ይስጧትና ሳምንቱን ታብቃቃ። ካለቀባት አይቆጧት፣ ግን አይሙሉላትም።

ቤት ፍለጋ ስሄድ አከራይ ሁሉ የሚጠይቀኝ "ዘመዶችህ የት ናቸው?" ነው። እውነቱን ስናገር ፊታቸው ይለወጣል። በኋላ "ክፍለ ሀገር ናቸው" ማለት ለመድኩ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ተያዥ ነው። አንድ ሱፐርማርኬት የገንዘብ ተቀባይ ሥራ አገኘሁ። ፈተናውን አለፍኩ፣ ሸሚዝ ሁሉ ለኩኝ። "ደመወዝተኛ ተያዥ አምጣ" አሉኝ። ማንን ላምጣ? ሥራው ለሌላ ተሰጠ። ሁለተኛው ሥራ ላይ ስልክ ደውዬ ያለቀስኩት ለማን መሰለዎት? ማሳደጊያው ውስጥ ወጥ ለምትሠራልን ሴትዮ። እሷ መጥታ በትንሿ ደመወዟ ፈረመችልኝ። እስከ ዛሬ እናቴ የምላት እሷን ነው።

በዓል ደግሞ አለ። የወጣሁበት ዓመት ፋሲካ ዕለት በሬን ዘግቼ ተኛሁ። ከጎረቤት የዶሮ ወጥ ሽታ በመስኮት ይገባል። ሰው እንዳለሁ እንዳያውቅ ሬዲዮ እንኳ አልከፈትኩም። እትዬ፣ ቤት ባይኖርዎትም ችግር የለውም። "በዓል እኛ ጋ ነሽ" ይበሏት። በየበዓሉ አይጋብዟት፣ አንዴ ይንገሯትና ይለቅ። በየጊዜው የሚጠራ ሰው እንግዳ ነው።

መልስ፦ ግልጽ ተናጋሪ

እኔ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይገባኝም። እኛ ስናድግ አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ነበርን። ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፊና አስተኛት። ከልጆችሽም ጋር ትረዳዳለች፣ አንቺንም ታግዝሻለች። ምን ችግር አለው?

መልስ፦ የአደራ እናት፣ አዳማ

ወንድሜ፣ ችግሩ ያለው "ታግዝሻለች" የምትለው ላይ ነው። እኔ በአደራ ቤተሰብነት፣ ጉዲፈቻ ሳላደርግ በአደራ ተቀብዬ ማለት ነው፣ ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ስለዚህ በልምድ ነው የምናገረው። ትልቅ ልጅ ቤት ሲገባ በስድስት ወር ውስጥ ሳይታወቅ ሠራተኛ ይሆናል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። እሷም ባለውለታ ስለሆነች እምቢ አትልም። ቡና ታፈላለች፣ ልጅ ታጥባለች፣ ትምህርቱ ቀስ እያለ ይቀራል። ጎረቤት ደግሞ "ሠራተኛሽ" ይልሻል፣ አንቺም ለማረም ይደክምሻል።

እህቴ፣ ካስገባሻት መጀመሪያ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሪ፣ ከዚያ ሦስታችሁ ቁጭ በሉ። እስከ መቼ ትቀመጣለች? የቤት ሥራው ከልጆችሽ ጋር እንዴት ይከፈላል? የራሷ የሚቆለፍ ሳጥን ይኑራት። ሳጥኗን ስትቆልፍ አትቀየሚ። እነዚህ ልጆች የግል የሚባል ነገር ኖሯቸው አያውቅም።

ስለ ደላላም ንቂ። ልጅቷ ከግቢ እንደወጣች የሚያውቅ አይጠፋም። "ዓረብ አገር ልላክሽ፣ ምንም አትከፍዪም" የሚላት ይመጣል። ቀድመሽ አንቺ ንገሪያት። "ይህን የሚልሽ ሰው ሲመጣ ለእኔ ደውዪልኝ" በያት።

መልስ፦ ጀሞ ቤት አከራያለሁ

እኔ ከአከራይ በኩል ልናገር። ከላይ ያለው ልጅ ፊታቸው ይለወጣል ያለው እውነት ነው፣ አልዋሽም። ፍርሃታችን ኪራይ ካልከፈለች ማንን እንጠይቅ፣ ብትታመም ማን ጋ እንደውል የሚል ነው። ስለዚህ ቤት ስታዪ ብቻዋን አትላኪያት። አብረሽ ሂጂ። ስልክሽን ለአከራይ ስጪ። እኔ በበኩሌ "ሰው አላት" ካልኩ ሌላው አያስጨንቀኝም።

ሕጉንም እወቂ። በኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፣ ቅድሚያ የሚከፈለውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ስድስት ወር አምጪ የሚልሽ ካለ እለፊው። ብቻዋን ከምትሆን አብራት ከምትወጣ ልጅ ጋር ብትዳበል ይሻላል፣ ኪራዩም ይቀላል። ከኮሌጁ በእግር የሚደርስ ይሁን፤ ታክሲ ነው ተማሪን የሚጨርሰው። አብዛኞቹ የመንግሥት ኮሌጆች ማደሪያ የላቸውም።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

ሰላም እህቶቼ። እኔ እዚህ አሜሪካ በፎስተር ኬር፣ በአደራ ቤተሰብነት ማለት ነው፣ ሁለት ልጆች አሳድጌያለሁ። እዚህ አገር ልጁ ከመውጣቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ከማኅበራዊ ሠራተኛው ጋር የመውጫ ዕቅድ ይጽፋል፣ ሕግ ነው። ሲወጣም የልደት ወረቀቱ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ፣ የሕክምና ታሪኩና መታወቂያው በእጁ ይሰጠዋል። ሜዲኬድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድንም እስከ 26 ዓመቱ አለው። እኛ ስቴት ውስጥ እስከ 21 በእንክብካቤ መቆየትም ይችላል። ይህ ሁሉ ተደርጎለት እንኳ ታላቁ ልጄ በ22 ዓመቱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደውሎ "ትኩሳት ሲይዘኝ ምን እወስዳለሁ?" አለኝ።

የእናንተም ሦስት ወር ከ90 ቀን ጋር አንድ ነው። ዕቅዱን እሷ ራሷ በእጇ ትጻፈው። እኔ ትምህርቷን እስክትጨርስ በየወሩ ትንሽ ልልክ እችላለሁ። አንድ ላይ ግን አልልክም፤ ብሩ በዘጠኝ ቀን ካለቀበት ከላይ ካለው ልጅ የተማርኩት ነው። በግል እንጻጻፍ።

የጠያቂዋ ምላሽ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያለንበትን ልንገራችሁ።

ልደት ወረቀቱ እውነትም አልነበራትም። አሁን ወጥቷል። ፋይዳ ተመዝግባለች። የ8ኛ ክፍል ካርዷ ላይ የአባቷ ስም በሌላ ፊደል ተጽፎ ስለተገኘ ለማስተካከል አራት ቀን ተመላልሰናል። ፋይሏን ተቀበልን። ልታነበው አልፈለገችም። "አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ ግን አንቺም እንዳታነቢው" አለችኝ። አላነበብኩትም። ቁም ሳጥን ላይ ነው፣ ባየሁት ቁጥር እጄን ይበላኛል።

ወረዳው ላይ ስለ ማኅበረሰብ ጤና መድን ጠይቄ ነበር። መክፈል ለማይችሉ የሚሸፈንበት መንገድ አለ፣ ማመልከቻ አስገብተናል።

እኛ ጋ አትገባም። ራሷ ናት የወሰነችው። ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ከኮሌጁ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ አንድ ክፍል አግኝተናል። ውል የፈረምን ቀን ባለቤቴም መጣ። አከራይዋ "ምኗ ናችሁ?" ስትል እኔ ምን እንደምል ሳስብ እሱ "እኛ ነን የምንጠየቀው" አለ። ተያዥነቱንም ሥራ ስታገኝ እሱ ይፈርማል፣ የመንግሥት ሠራተኛ እሱ ስለሆነ። እንቁጣጣሽን እኛ ጋ ናት፣ ከዚያ በኋላ ያሉትንም። አንዴ ነግሬያታለሁ።

እዚያ ያደግከው ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ትናንት ደውላ ሽሮ ለአንድ ሰው ስንት ማንኪያ ነው አለችኝ። እኔ ሁልጊዜ በግምት ነው የማደርገው፣ መልስ አጣሁላት።

መልስ፦ እኔም እዚያ ነው ያደግኩት

ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል እትዬ። እኔ ግን አሁንም ሦስት ነው የማደርገው፤ ሰው ሊመጣ ይችላል።