የቪትዝ ጎማ ንፋስ፦ 32 ወይስ 40?

ሰላም ጎበዝ። ያለሁት ጅማ ነው፣ የምነዳው ቪትዝ። በሹፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ወረቀት 220 ኪሎፓስካል ይላል፤ ወደ 32 ፒኤስአይ መሆኑ ነው። ጎሚስታው ግን «ፒስታ ላይ ነው የምትነዳው፣ ይጠንክር» ብሎ 40 ይሞላልኛል። ጎማው ላይ ያለው 44 ጣሪያው ነው፣ እሱ አያከራክርም። ግን በ40 መኪናዋ በየጉድጓዱ ትነጥራለች፣ የጎማው መሃልም ከዳሩ ቀድሞ እየተላጨ ነው። ማንን ልስማ?

ሌላው ደግሞ የኋላ ግራው ጎማ ሌሊቱን ይተነፍሳል። ቫልቩን የሳሙና ውሃ ቀባሁት፣ አረፋ የለም። ቸርኬው ይሆን?

ንፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው ይባላል። ጎሚስታው ጋ እስክደርስ ግን መሞቁ አይቀርም። ታዲያ ስንት አስበልጬ ላስሞላ? የምታውቁ ተባበሩኝ።