ብርድ ላይ አሻራ እምቢ ይላል፤ ፒኑን ላሳጥረው?

የጠባሴው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ብርዱ ሲጠና ስልኬ አሻራ አይቀበልም። 6 አሃዙን ፒን ደጋግሞ መምታት ስለሚያሰለች ወደ 4 ላወርደው አስቤያለሁ። አሻራው እያለ የቁጥሩ ማጠር ችግር አለው? የባንክ መተግበሪያዬ እዚያው ስልክ ላይ ነው።

ጣርማ በር፦ ወንድሜ፣ እባክህ አታሳጥረው! አሻራ አቋራጭ እንጂ የፒን ምትክ አይደለም። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ፣ ወይም አሻራው ደጋግሞ ሲሳሳት የሚጠየቀው ፒን ነው። ሌባ በጣትህ አይደክምም፤ ቁጥሩን ነው የሚሞክረው። 4 አሃዝ 10,000 አማራጭ አለው፣ 6 አሃዝ 1,000,000። የትውልድ ዘመን ካደረግከው ደግሞ ከ1940 እስከ 2000 ያለው 61 ብቻ ነው። ከሁሉ የሚከፋው፣ ፒኑን ያወቀ ሰው የራሱን ጣት መመዝገብ ይችላል። ብዙ መተግበሪያ ስልኩ ያወቀውን ጣት ሁሉ ይቀበላል። አሁኑኑ ሴቲንግ ገብተህ የተመዘገቡትን ጣቶች ቁጠር፤ የማታውቀው ካለ አጥፋና ፒኑን ቀይር።

ሞባይል ጥገና፦ የብርዱ ነገር መላ አለው። በጎን ወይም በኋላ ያለው የአሻራ አንባቢ የሚሠራው የጣትን መስመሮች በኤሌክትሪክ እየለካ ነው፤ ቆዳ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ መስመሩ ይጠፋበታል። ጣትህን እፍ ብለህ አሙቀው፣ ቅባት ተቀባና ትርፉን ጥረግ። አንዱን አውራ ጣት ሁለት ጊዜ መዝግብ፤ አንዴ ቀን፣ አንዴ በብርዱ ሰዓት። ጫፉን ብቻ ሳይሆን ጎኑንም አስነካ።

ሸዋ ሮቢት፦ አሻራ ራሱም ይቀዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. አይፎን 5ኤስ በወጣ በቀናት ውስጥ የጀርመኑ የሃከሮች ማኅበር ካኦስ ኮምፒውተር ክለብ ከመስታወት ላይ የተነሳ አሻራን በእንጨት ማጣበቂያ ቀድቶ ከፍቶታል። ፒን ቢታወቅ ይቀየራል፤ ጣት አይቀየርም።

የጠባሴው፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ 6 አሃዙ ይቆያል። የኔ አንባቢ ስክሪኑ ውስጥ ነው፤ ጄል ሽፋንም አለው። ያ ያሰጋል?

ሞባይል ጥገና፦ ሊያሰጋ ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. ጋላክሲ ኤስ10 ላይ አንዳንድ የሲሊኮን ሽፋን ሲደረግ ስልኩ የሽፋኑን ቅርጽ አሻራ እያለ ማንኛውንም ጣት ይከፍት ነበር፤ ሳምሰንግ በማሻሻያ አርሞታል። ያንተን ለመፈተሽ ያልተመዘገበ ጣት አስነካው። ከከፈተ ሽፋኑን ላጥ፣ አሻራዎቹን በሙሉ አጥፋ፣ ስልኩን አፕዴት አድርግና በባዶው ስክሪን እንደገና መዝግብ።