በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተገኝቶ ክርክር ለመከታተል ምን ያስፈልጋል?

ጠያቂ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ሕግ ለማጥናት ትመኛለች። ስለዚህ ዋሽንግተን በሚገኘው ጠቅላይ ፍርድ ቤት አብረን ተገኝተን አንድ ክርክር ብናዳምጥ ብዬ አስቤአለሁ። መግቢያው እንዴት እንደሚገኝ፣ እንዲሁም የሕግ ትምህርት የሌለው እንደ እኔ ያለ ወላጅ የሚባለውን ምን ያህል ሊከታተል እንደሚችል የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ልጄ የምትጠብቀው ምስክሮች ሲጠየቁ ማየት ስለሆነ፣ ሳትዘጋጅ ሄዳ ቅር እንዳይላት እሰጋለሁ።

መልስ፣ ከአርሊንግተን፦

ወንድሜ፣ ችሎቱ ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው፤ ክፍያም የለውም። የፍርድ ቤቱ የሥራ ዘመን በኦክቶበር የመጀመሪያው ሰኞ ይጀምራል፤ ክርክሮቹም እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ድረስ፣ በተመረጡ ሳምንታት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት በ10 ሰዓት (በአገራችን አቆጣጠር 4 ሰዓት) ይሰማሉ። ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ፍርድ ቤቱ ከሕዝብ መቀመጫዎች የሚበዙትን በድረ ገጹ በሚወጣ ዕጣ ስለሚያድል፣ የክርክሩን ሰሌዳ አይታችሁ ሳምንታት አስቀድማችሁ ተመዝገቡ። ዕጣው ባይደርሳችሁ በዕለቱ ተሰልፎ መግባትም ይቻላል፤ ሆኖም መቀመጫው ጥቂት ስለሆነ፣ አገር የሚነጋገርበት ጉዳይ በሚሰማበት ቀን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተሰልፎ ያድራል። ስለዚህ ጋዜጦች ብዙም ያልጻፉበትን ጉዳይ ብትመርጡ ይሻላል እላለሁ። ስልክና ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደ ችሎቱ አይገባም። መኪና ይዞ ከመሄድ ይልቅ በሜትሮ እስከ ካፒቶል ሳውዝ ወይም እስከ ዩኒየን ስቴሽን ተጉዞ ቀሪውን በእግር መሄድ ይቀላል።

መልስ፣ በስደተኞች ጉዳይ የሚሠራ ጠበቃ፦

ልጅዎ ምስክር እንደማታይ ከአሁኑ ቢነግሯት መልካም ነው። በአገራችን የሰበር ሰሚ ችሎትን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ፍሬ ነገሩ በሥር ፍርድ ቤቶች ተጣርቶ ያለቀ ስለሆነ፣ እዚህ የሚቀረው የሕጉ ጥያቄ ነው። በዓመት ከሚቀርቡለት በሺዎች የሚቆጠሩ አቤቱታዎች መካከል ፍርድ ቤቱ ክርክር የሚሰማባቸው ከ60 እስከ 70 የሚሆኑትን ብቻ ነው። አንድ ጉዳይ እንዲታይ ከዘጠኙ ዳኞች አራቱ መስማማት አለባቸው።

ለእያንዳንዱ ወገን ብዙውን ጊዜ 30 ደቂቃ ይሰጣል። ጠበቃው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ያህል ሳይቋረጥ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄው ይከተላል፤ ንግግሩን አዘጋጅቶ የመጣ ጠበቃ ግማሹን እንኳ ሳይጨርስ ሊቀር ይችላል። አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነጭ መብራት፣ ጊዜው ሲያልቅ ቀይ መብራት ይበራል። ከዚያም ዳኞቹ እንደ ሹመት ቅደም ተከተላቸው ተራ በተራ የቀራቸውን ይጠይቃሉ። እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ዳኛ ያስጨነቀው ነጥብ ምን እንደሆነ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነውና።

የእኛን ሰው ሕይወት የሚነካ ምሳሌ ልጨምር። በኖቬምበር 5 ቀን 2008፣ ባራክ ኦባማ በተመረጡ ማግስት፣ ይህ ፍርድ ቤት የአንድ ኤርትራዊ ጥገኝነት ጠያቂን ጉዳይ ሰምቶ ነበር። ሰውየው ኢትዮጵያን አልወጋም በማለቱ የታሰረ፣ በኋላም በግዳጅ የእስር ቤት ጠባቂ እንዲሆን የተደረገ ነው። ሕጉ በሌሎች ላይ በደል በመፈጸም የተሳተፈን ሰው ጥገኝነት ይከለክላል፤ ጥያቄውም ተገዶ የተሳተፈ ሰው በዚህ ክልከላ ሥር ይወድቃል ወይስ አይወድቅም የሚል ነበር። በማርች 2009 የተሰጠው ውሳኔ ለዚህ የመጨረሻ መልስ አልሰጠም፤ ጉዳዩን ቀደም ብሎ ያየው የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ሌላ ሕግን በሚመለከት የተሰጠን የቀድሞ ፍርድ የግድ መከተል አለብኝ ማለቱ ስህተት ነው ብሎ ጉዳዩን መለሰለት። ይህን ጉዳይ ከልጅዎ ጋር ብታነቡት፣ ፍርድ ቤቱ የሰውየውን መልካምነት ሳይሆን የሕጉን ትርጉም እንደሚመዝን፣ በዚያ ትርጉም ላይ ግን የሰው ዕጣ ፈንታ እንደተንጠለጠለ በግልጽ ትረዳለች።

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦

ጠበቃው ባሉት ላይ የምጨምረው፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የቆየ ክርክር በድምፅ እንድታዳምጡ ነው። ካሜራ ዛሬም አይፈቀድም፤ ነገር ግን ከሜይ 2020 ጀምሮ ክርክሮቹ በቀጥታ በድምፅ ይተላለፋሉ፤ ቅጂውም በድረ ገጹ ይቀመጣል። የምትከታተሉትን ጉዳይ የሁለቱንም ወገኖች የጽሑፍ ክርክር እዚያው ታገኛላችሁ፤ መግቢያውንና ማጠቃለያውን ብቻ ማንበብ እንኳ ብዙ ይረዳል። ችሎት በማይኖርባቸው የሥራ ቀናት ሕንፃውን መጎብኘት ስለሚቻል፣ አስቀድማችሁ አዳራሹን ብታዩት ደግሞ በክርክሩ ቀን ዓይናችሁ በዕብነ በረድ ዓምዶቹ ላይ ሳይቀር ጆሯችሁን ለክርክሩ ትሰጣላችሁ።

በዕለቱ ማን እንደረታ ይነገራል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፤ ውሳኔው ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ከባዶቹ ጉዳዮች ብዙውን ጊዜ እስከ ጁን መጨረሻ ይቆያሉ።