ማግኔቱ ሲጠፋ የሚጎብጥ ብረት

ጥያቄ፦ ሰላም ባለሙያዎች። ኮምቦልቻ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሰርፌስ ግራይንደር ላይ ነው የምሠራው፤ ብረቱን በማግኔት ጠረጴዛ ይዞ በሚሽከረከር ድንጋይ እየሞረደ ጠፍጣፋ የሚያደርግ ማሽን ነው። ውፍረቱ 6፣ ርዝመቱ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ሳህን በሁለቱም ፊት ማስተካከል አለብኝ። ማግኔቱ ላይ እያለ ዳያል ጌጁ (የከፍታ ልዩነት መለኪያው) ንቅንቅ አይልም። ማግኔቱን ሳጠፋ መሃሉ 5 መቶኛ ሚሊ ሜትር ያህል ይጎብጣል። ሦስት ሳህን አበላሸሁ። አለቃዬ ዝም ብሎ ያየኛል፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ብረቱ መጀመሪያውኑ ጎባጣ ነበር። ማግኔቱ ስቦ ያቃናዋል፣ አንተ ትሞርደዋለህ፣ ሲለቀው ወደ ድሮ ጠባዩ ይመለሳል። ስለዚህ ማግኔቱን ሳታበራ አስቀምጠው። ከሥሩ ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (በክፍተት መለኪያ ቅጠሎች) ለካና በዚያው ልክ ስስ ሺም (መደገፊያ ቅጠል) ሰካበት። ከዚያ አብራ። በአንድ ዙር ከ1 መቶኛ በላይ አትውረድ። አንዱ ፊት ሲቀና ገልብጠው፤ አሁን ሺም አያስፈልግህም። እኔ ደሴ እያለሁ አንዱን ሳህን አራት አምስቴ አገላብጥ ነበር። አሰልቺ ነው፣ ግን ሌላ መላ የለውም።

ሌላ መልስ፦ ድንጋዩንም እየው። የደነዘዘ ድንጋይ ከመቁረጥ ይልቅ ያሻል። ብረቱ ይግልና መሃሉ ያብጣል፣ ያበጠው ይሞረዳል፣ ሲቀዘቅዝ ጎድጉዶ ታገኘዋለህ። ድንጋዩን በአልማዝ አድሰው፤ በኩላንት (በማቀዝቀዣው ፈሳሽ) አትሰስት።

ጠያቂው፦ ሺም ስላልነበረን የማስቲካ ብርማ ወረቀት አጥፌ ሰካሁ። አትሳቁ! አሁን 1 መቶኛ ብቻ ቀረ። አለቃዬ ግን አሁንም ዝም እንዳለ ነው።