ከጋና ዋና ከተማ ከአክራ ተነሥቶ ኬፕ ኮስትንና ኤልሚናን በአንድ ቀን አይቶ መመለስ ይቻላል?

ጥያቄ፦
ለሥራ አክራ እሄዳለሁ፤ ነፃ የምሆነው ቅዳሜ ብቻ ነው። በኬፕ ኮስትና በኤልሚና ያሉትን የባሪያ ንግድ ምሽጎች ከአስጎብኚ ጋር ማየት እፈልጋለሁ። እናቴም አብራኝ ትመጣለች፤ ጉልበቷን ያማታል። ሁለቱንም ማዳረስ ይቻላል?

መልስ 1፦
ይቻላል፤ ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሡ። እስከ ኬፕ ኮስት 145 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም በመንገዱ ላይ ባለችው በካሶዋ ከተማ ያለው የመኪና መጨናነቅ መንገዱን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ያደርገዋል። እኔ ብሆን ከኤልሚና እጀምራለሁ። ፖርቱጋሎች በ1482 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመሩት፣ ሆላንዶች በ1637 የነጠቋቸው ምሽግ ነው። በባርነት የተያዙት ሴቶች በነበሩበት ግቢ መካከል ቆማችሁ ቀና ስትሉ የገዢው ሰገነት ይታያል። ሴቶቹን የሚመርጠው ከዚያ ላይ ሆኖ እንደነበር አስጎብኚያችን ነገረንና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፍ ለማንሣት እጄ እንቢ አለኝ። ኬፕ ኮስት ስትደርሱ ደግሞ ጸሎት ቤቱ ከወንዶቹ እስር ቤት በላይ መሠራቱን ልብ በሉ።

መልስ 2፦
ወደ ኬፕ ኮስት እስር ቤት የሚወስደው መውረጃ ጨለማ ነው፤ ወለሉም ወጣ ገባ ነው። እናትዎ ግቢው ውስጥ መድፎቹ አጠገብ ይጠብቁዎት። ባሪያዎቹ ወደ መርከብ ይወጡበት የነበረው «መመለሻ የሌለው በር» ሲከፈት ግን ይጥሯቸው፤ ከበሩ ማዶ ዓሣ አጥማጆች በቀለም ባጌጡ ጀልባዎቻቸው መካከል መረብ ይጠግናሉ።

መልስ 3፦
ኤልሚና ላይ የአሻንቲው ንጉሥ ቀዳማዊ ፕሬምፔ የታሰሩበትን ክፍል እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። እንግሊዞች የያዟቸው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ ዓድዋ ላይ ድል ባደረግንበት ዓመት። እዚያ ቆሜ ይህን ሳስብ እንባዬ መጣ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በ11 ሰዓት የሚነሣ ሾፌር ዛሬውኑ አነጋግራለሁ።